ማንም ያልተቆጣበት ቦርሳ

ጉርድ ሾላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ሱሌማን፣ ጓንዡ፣ ቻይና

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ነጋዴዋ ፈዲላ ለዕቃ ግዢ ስትበር ይዛልኝ ትመጣለች። በስልክ እንደማንግባባ ያውቁታል። እኔ ስደውል ደንበኛ ይገባል፣ እርስዎ ሲደውሉ መስመሩ ይቆረጣል፣ ደህና የተያዘ ዕለት ደግሞ አጎቴ ሐጂ ሚስባህ ስልኩን ከእጄ ይቀበሉና ሰላምታ ብቻ ሲለዋወጡ ሂሳቡ ያልቃል። እርስዎም «ዋናውን ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ» ስላሉኝ ሱቁን ዘግቼ ይኸው ቁጭ ብያለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የተማሪ ቦርሳዎቹ ደርሰዋል። ለነሐሴ የተባለው ጭነት በኅዳር መግባቱም እውነት ነው። ትምህርት ከተከፈተ ሰንብቷል፣ ልጅ ያለው ሁሉ ገዝቶ ጨርሷል። ግን ማንም አልተቆጣም። ሐጂ ሚስባህ «መርከቡ መንገድ ቢቀይር ሱሌማን ምን ያድርግ» ነው ያሉት። ከቀሩት ሱቆች ሐሩንም ሆነ አብዱልገኒ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ቀለሙ ቅሬታ የለም፣ ስለ ዚፐሩም የለም። ሽያጩ እንዴት ነው ላሉኝ፣ ዕቃው ቦታ ይዟል። ማለቴ ቦታ ቦታውን ይዟል፣ አያስቡ።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስፌቱ ተለወጠብኝ። የሚስተር ፋንግን ፋብሪካ ቦርሳ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ለናሙና የላኩትን የመጀመሪያውን ተሸክሜ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። የአሁኑ የእሳቸው እጅ አይመስልም። ሚስተር ፋንግ ደህና ናቸው?

ሌላው ያው የዘወትሩ ነው። መቼ ይመጣሉ? ሲሄዱ «አራቱ ሱቆች በእግራቸው እስኪቆሙ» ብለውኝ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ሱቆቹ ከቆሙ ቆይተዋል፣ እማዬም ካረፈች ወዲህ ይህ ቤት ለአንድ ሰው አይሆንም።

ልጅዎ ሸሪፋ


ጓንዡ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸሪፋዬ፣

ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። ፈዲላ ደብዳቤሽንም ሚጥሚጣውንም አድርሳልኛለች። ሚጥሚጣው አልቋል፣ ደብዳቤው ግን አላልቅ ብሎኛል። ባነበብኩት ቁጥር ግራ ይገባኛል።

እኔ እኮ የእኛን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ወንድሜ ሚስባህ አንድ ጊዜ የቦርሳው ገበር ግራጫ መሆን ሲገባው ጥቁር ሆነ ብሎ፣ ጁምዓ ሰግዶ እንደወጣ፣ ከመስጊዱ በር ላይ ደውሎ ጮኾብኛል። ሐሩን በዚፐር የተነሳ አንድ ረመዳን ሙሉ አኩርፎኛል። አብዱልገኒ ሰማያዊው ለምን አልበዛም ብሎ ለሽማግሌ ዳርጎኛል። እነዚህ ሰዎች የተማሪ ቦርሳ ከትምህርት መክፈቻ በኋላ ደርሶላቸው «ምን ያድርግ» ይሉኛል? ነጋዴ ዕቃው ሲሸጥለት ለምን አነሰ ብሎ ይቆጣል፣ ሳይሸጥለት ለምን በዛ ብሎ ይቆጣል። አራት ነጋዴ ባንድ ላይ ዝም ካለ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

እውነቱን ንገሪኝ። የታመመ አለ? የሞተ አለ? የእናትሽን መርዶ እንዴት እንዳረዳችሁኝ አልረሳሁትም፤ ያን ጊዜም ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሁሉም ሰው በስልክ ሲያነጋግረኝ ለስልሶብኝ ነበር። አሁንም ለስልሳችሁብኛል።

ሚስተር ፋንግ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል። ስፌቱ የተለወጠው አዲስ ማሽን ስላስገባ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴን ለማፍታታት በባቡር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ መንቀሳቀሱ ጥሩ ነው ተብያለሁ።

መቼ ይመጣሉ ላልሽው፣ ልጄ፣ እዚህ የተቀመጥኩት እዚህ መቀመጥ ጥሞኝ መሰለሽ? አራት ቤተሰብ የሚኖረው በዚህ በኩል በሚሄደው ዕቃ ነው። አሁን ደግሞ ጊዜው ተበላሽቷል። የእናንተ ዶላር ተወደደ። መርከቦቹ ቀይ ባሕርን ፈርተው ጭነቱን የማላውቀው ወደብ ላይ ያራግፉትና ሌላ መርከብ ይጠበቃል። ፈረንጆቹ ገዢዎች «ሁሉን ነገር ከአንድ አገር አንገዛም» ማለት ጀምረው ፋብሪካ ሁሉ ድንኳን ይመስል እየተነቀለ ቬትናም ይተከላል፣ ካምቦዲያ ይተከላል። ከማን ጋር እንደምሠራ ጠዋት ስነሳ አጣርቼ ነው የምወጣው። በዚህ ቀን ሰዎቼን ጥዬ ብነሳ ምን ይሉኛል?

እና እባክሽ የሚቆጣ ሰው ካለ ንገሪኝ።

አባትሽ


ጉርድ ሾላ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መልሴ የዘገየው ቻይኖቹ ለአዲስ ዓመታቸው ገበያ ሲዘጉ ፈዲላ ጉዞዋን ስላራዘመች ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ እያሰቡ እንደሚከርሙ አውቃለሁ።

ማንም አልሞተም። ወላሂ ማንም አልታመመም። ሐጂ ሚስባህ ስኳራቸው እንኳን ወርዶላቸዋል፣ ቀበቷቸውን ሊቀይሩ ነው። ሐሩን ልጁን ሊድር ነው። አብዱልገኒ ሱቁን ቀለም አስቀብቶ ለሰላም ባይ ሁሉ ያሳያል። እኔም እንደሚያውቁኝ ነኝ።

ደብዳቤዎን፣ ስለ ቁጣ የጻፉትን ያህል፣ ለሐጂ አነበብኩላቸው። በጣም ሳቁ። ቆይተው «ስለ ዚፐሩ ተቆጥቷል ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። ስለዚህ ሐጂ ሚስባህ ስለ ዚፐሩ ተቆጥተዋል። በጣም ተቆጥተዋል። የዘንድሮው ትዕዛዝ ግን እንደ አምናው ይሁን ብለዋል፣ አይነቱም ብዛቱም።

አባባ፣ አንድ ነገር አለ። እንዳልጽፍልዎ ለሐጂ ቃል ሰጥቻለሁ። ሞት አይደለም፣ በሽታ አይደለም፣ ጠብም አይደለም። እሳቸው እንዲያውም ጥሩ ነገር ነው ይላሉ። እኔ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አቅቶኝ ከርሜያለሁ። አንዳንድ ቀን ሱቁ ደርቶ ሲውል ጥሩ ይመስለኛል፤ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ መጥፎ ይሆንብኛል።

የሚስተር ፋንግ ሰላምታ ደርሶኛል። ግን ልጠይቅዎ፣ ሰላምታውን ራሳቸው ናቸው የላኩት? በአካል ያገኟቸው መቼ ነው? የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ጥያቄ እንደ ጉልበትዎ በባቡር አይለፉብኝ።

ሸሪፋ


ጓንዡ፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸሪፋዬ፣

ረመዳን ከሪም። ጾሙ እዚህ ቀላል ነው፣ ማፍጠሩ ነው የሚከብደው፤ ብቻን ማፍጠር አይለመድም።

ሚስባህ መቆጣቱን ሳነብ ለጊዜው ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩት። ሚስባህ ሲቆጣ «ተቆጥቷል ብለሽ ጻፊ» አይልም፣ ይደውላል። ሁላችሁም ምን እንደሆናችሁ አልገባኝም።

አንቺ ግን የያዝሽው ነገር እንዳለ ገባኝ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት ደግሞ ጾሜን ማበላሸት ነው። ፋንግን ካየሁት ዓመት አልፎታል። ሰላምታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ግቢው ዛሬ መኪና ማቆሚያ ነው። አውሮፓ ያለው ትልቁ ገዢው «ግማሹን ሌላ አገር ካላሰፋህ አልገዛህም» አለው። የሠራተኛ ደሞዝም እዚህ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ማሽኖቹን ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹን ወንድሙ ቬትናም ወሰደ። ግማሹን እሱ ራሱ አዲስ አበባ፣ ከእናንተ በስተምሥራቅ ወዳለው አዲስ የፋብሪካ ሼድ አስጫነ።

ሊሄድ ሲል እራት ጋበዘኝ። «ሱሌማን፣ አብረኸኝ ና» አለኝ። «ጨርቁን ከዚህ እንወስዳለን፣ እዚያ እናሰፋለን፣ ባለቀለት ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ አይነካንም። አንተ ነጋዴውን ታውቀዋለህ፣ ቋንቋውን ታውቀዋለህ።» እምቢ አልኩት። እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ለምን እንዳልኩ ልንገርሽ። የእኛ አራት ሱቆች ከሌላው ነጋዴ የሚለዩት ቻይና ሰው ስላላቸው ነው። ቦርሳው እዚያው አፍንጫቸው ሥር ከተሰፋ፣ መንገድ ዳር ያነጠፈው ሁሉ ከፋብሪካው በር ይገዛል። ያን በር ለወንድሜ ጠላት ሆኜ በገዛ እጄ ልክፈት? አልሆነልኝም። ይልቅ እዚህ ቀርቼ ፋንግን የሚመስል ቦርሳ ሰፊ ፍለጋ ወጣሁ። የባቡሩ ጉዞ ለጉልበቴ አይደለም፤ ጉልበቴንስ ገደለው። በየከተማው አነስተኛ ፋብሪካ እየፈለግሁ፣ ከአንዱ ቦርሳውን ከሌላው ዚፐሩን እያገናኘሁ፣ እንዳይቋረጥባችሁ ነው የምሮጠው። ዕቃው የዘገየውም በመርከቡ ብቻ አልነበረም።

ይህን ለሚስባህ አትንገሪው፣ ይደነግጣል። አንቺ ብቻ አጣርተሽ ጻፊልኝ። የፋንግ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ? ቦርሳው ገበያ ላይ ወጣ? እናንተን ጎድቷችኋል?

አባትሽ ሱሌማን


ጉርድ ሾላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ ሐጂ ሚስባህ አያውቁትም። ቃሌን አፍርሻለሁ። በረመዳን መጨረሻ ቃል ማፍረስ ምን እንደሚያመጣብኝ አላህ ያውቃል፣ ግን ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ሱቅ ውስጥ የምሰጠው መልስ ሁሉ እየተሳሳተብኝ ነው።

የሚስተር ፋንግ ቦርሳ ጎድቷችኋል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልጎዳንም አባባ። የምንሸጠው እሱን ነው። አራታችንም፣ ካምና ጀምሮ። ጠዋት ከደወልን ከሰዓት በኋላ በአይሱዙ በር ላይ ይወርድልናል። ዚፐሩ የያዘ ካለ በማግስቱ ይቀየራል። ሐጂ ሚስባህ ቁጣቸውን የሚያወርዱት አሁን እዚያ ነው፤ ፋብሪካው ድረስ ሄደው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ሚስተር ፋንግን ፊት ለፊት። ሚስተር ፋንግም አማርኛ ባይችሉም ይቆጧቸዋል። ሁለቱም ደስተኞች ናቸው። ከረመዳን በፊት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አብረው ምሳ ሲበሉ አይቻቸዋለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ «ፋንግ ሰላም ብሎሻል» ሲለኝ ምን እንደሆንኩ ያስቡት።

እርስዎ የፈሩትም አልቀረም። መንገድ ዳር ያነጠፈውም ከበሩ ይገዛል። ከአንዱ ቦርሳ የምናገኘው ቀጥኗል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ስለምንሸጥ ኖረናል። ሁሉ ነገር ደህና ነው አልልዎትም። መብራት ሲጠፋ ስፌቱ ይቆማል፣ ጨርቁ ጉምሩክ ላይ ሲያዝ የሚሰፉት ልጆች ያለ ሥራ ቤታቸው ይውላሉ። ጨርቁም ክሩም ዚፐሩም እኮ አሁንም ከእናንተ ዘንድ ነው የሚመጣው። ቦርሳው ላይ የአገር ውስጥ ምርት ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ ውስጥ የአገሩ የቱ እንደሆነ ሐጂን ብጠይቃቸው «የሚሰፋው እጅ» አሉኝ። ይህ ትርፍ ይሁን ኪሳራ እኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ታዲያ ከእርስዎ ለምን እናዛለን? እዚህ ጋ ነው ቃል የገባሁበት። ሚስተር ፋንግ እዚህ እንደመጡ ለሐጂ በአስተርጓሚ «ሱሌማንን አብረን እንሂድ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ» ብለው ነገሯቸው። ሐጂ ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ወንድሜ እዚያ መኖር ፈልጓል» አሉ። «ትዕዛዙን ብናቆምበት ምን ይሆናል? በዚህ ዕድሜው ማንም አልፈለገኝም ይበል? ዕቃውን እንዘዝ፣ ቢሸጥም ባይሸጥም እንዘዝ።» ሐሩን እንኳን አልተከራከረም። ስለዚህ እናዛለን። ዕቃው ተወዶ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። የፋንግ እያለ ማንም አይገዛውም። የሦስቱንም ሱቆች ድርሻ ወደ እኛ ቤት ያመጡታል፣ ሌላ ቦታ ስለሌለ። የእርስዎ ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ቦርሳ ነው። አልጋዎ ከሥር የት እንዳለ እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ማንም ያልተቆጣው። ሰው የማይሸጠውን ዕቃ ስለ ቀለሙ አይጣላም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርዎ። ሐጂ «እምቢ አለ» ሲሉ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። አባቴ ወደ እኔ መምጣት እምቢ አለ ብዬ ነው የሰማሁት። ወደ ቤት የሚያመጣ መንገድ ተከፍቶለት፣ ሥራም ቤትም ባንድ ቦታ ሆኖለት፣ አልፈልግም አለ። ይህን ይዤ ነው ዓመት ሙሉ መቼ ይመጣሉ እያልኩ የጠየቅኩዎት። በጣም ከፍቶኝ ነበር። አሁን እምቢ ያሉት ለእኛ ብለው እንደሆነ ስረዳ በማን ላይ እንደምቆጣ ጠፍቶኛል። እርስዎ እኛን እንዳይጎዳን ብለው እዚያ ይቀመጣሉ። እኛ እርስዎን እንዳይከፋዎ ብለን እዚያ እናስቀምጥዎታለን። ይህን ሁሉ ኪሳራ ከፍለን የምንገዛው ምንድን ነው?

ስለ ሱቁ አይጻፉልኝ፣ ስለ ሚስባህም፣ ስለ ዶላርም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። መምጣት ይፈልጋሉ?

ሸሪፋ


ጓንዡ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሸሪፋ፣

ዒድ ሙባረክ፣ ቢያልፍም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ጨርቅ ገበያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሚስባህና ፋንግ በማይግባቡበት ቋንቋ ሲጯጯሁ በዓይኔ መጡብኝ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። እኔ አንድ ቦርሳ ከአንድ ዚፐር ላገናኝ ከተማ ለከተማ ስንከራተት፣ እናንተ ያንኑ ቦርሳ አልጋዬ ላይ ትከምራላችሁ? ተነስቼ ልደውልና ልጮህ ፈልጌ ነበር። በማን ላይ እንደምጮህ ሳስብ ግን እንደ አንቺው ጠፋኝ። ሚስባህ ምን አጠፋ? እኔስ ብሆን ለእሱ ከዚህ ሌላ ምን አደርግ ነበር?

እዚህ ገበያው ሰሞኑን አሜሪካ ስለጨመረችው ቀረጥ ሌላ ወሬ የለውም። አንዱ ከሰርን ይላል፣ አንዱ ለእኛ ይጠቅማል ይላል፣ ጎረቤቴ ባለ ዚፐሩ ጠዋት ከስሮ ማታ አትርፎ ያድራል። እኔም ከእነሱ ጋር ቆሜ ማን እንደሚጠቀም ማን እንደሚጎዳ ሳስረዳ ነበር የዋልኩት። የገዛ ቤቴን ሳላውቅ።

መምጣት ይፈልጋሉ ወይ አልሽኝ። ይህን እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መቼ ትመጣለህ የማይለኝ የለም፤ ሚስባህ ይለኛል፣ ፈዲላ ትለኛለች፣ ስሙን የማላውቀው የገበያ ሰው ይለኛል። እንዴት አደርክ እንደማለት ነው፣ ኢንሻአላህ ብለሽ ታልፊዋለሽ። አንቺም ስትጽፊው ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። በጠየቅሽኝ ቁጥር ስለ መርከብ መለስኩልሽ። ይቅር በይኝ።

እፈልጋለሁ። እናትሽን አፈር ካለበሳችሁበት ቀን ጀምሮ እፈልጋለሁ። ግን የምፈልገውን ነገር ለመጠየቅ ምክንያት አልነበረኝም፤ እናንተ ታስፈልጉኛላችሁ ከማለት ይልቅ እኔ አስፈልጋችኋለሁ ማለት ይቀለኝ ነበር።

ምን ሆኜ እንደምመጣ አላውቅም። ፋንግ ዘንድ ልገባ ይሆን፣ አንቺ ሱቅ ውስጥ ወንበር ይዤ ደንበኛ ላባርርብሽ ይሆን? አሥራ አራት ዓመት «ሱሌማን ቻይና» ተብያለሁ። ቻይናው ሲነሳ ምን እንደሚቀር አብረን እናየዋለን። ፈርቻለሁ ብልሽ አትሳቂብኝ።

ለሚስባህ ግን የጻፍሽልኝን እንዳትነግሪው። ጉልበቴ አሸንፎኝ ነው የመጣሁት በይው። ዓመት ሙሉ ላለማሳፈር የደከመልኝን ሰው በር ላይ ቆሜ አላሳፍረውም። እሱ ምንም እንዳልደበቀ ይሆናል፣ እኔም ምንም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ፣ አቅፎኝ ያለቅሳል፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን። ይህን ስታነቢ እንደምትናደጂ አውቃለሁ። «አሁንም?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ አሁንም። ወንድሜ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ብቻሽን ነይ። ሰው አታስከትዪ፣ ሚኒባስም አትከራዪ። ዕቃ አልያዝኩም።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ፈዲላ ናት። ትኬቴን በስልኳ የቆረጠችልኝም እሷ ናት። እኛ ነጋዴዎች ስንበር ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ነው የምንቆርጠው፣ እሷም ልማዷ ስለሆነ ቀና ሳትል «መመለሻው መቼ ይሁን ጋሽ ሱሌማን?» አለችኝ። ስልኳን በእጄ ጋረድኩባት። ቀና ብላ አየችኝ። ይሄው መመለሻዬ ነው አልኳት።

አባትሽ